ከኮምፒውተሩ በፊት ማስቀመጫውን ምረጡ

[መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል]

አቅራቢ፦ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ፣ ከቀጨኔ እስከ ድል በር፣ በጉለሌና በአካባቢው የምታዳምጡን ሁሉ፣ ሥራ ላይ ያላችሁም እጃችሁን ሳታቆሙ ጆሯችሁን ብቻ አውሱን።

ዛሬ የምንነጋገረው ፎቶ ለማስተካከልና ለማስቀመጥ የሚሆን ደስክቶፕ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚመረጥ ነው። ፎቶ ቤት ያላችሁ፣ ሰርግና ክርስትና የምታነሱ፣ የሐበሻ ልብስ እያነሳችሁ በቴሌግራም የምትሸጡ፣ የቤተሰባችሁን አሮጌ አልበም ወደ ኮምፒውተር ማስገባት የምትፈልጉ፣ የዛሬው ዝግጅት ለእናንተ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ብታዘጋጁ ደግሞ ይጠቅማችኋል።

በአንድ ጥያቄ እንጀምር። ዛሬ ማታ ኮምፒውተራችሁ አልነሳም ቢል ስንት ፎቶ ታጣላችሁ? እስቲ ለራሳችሁ መልሱ። «ምንም አላጣም፤ ሌላ ቦታ ቅጂ አለኝ» ያላችሁ፣ ትልቁን ሥራ ጨርሳችኋል። «ሁሉንም አጣለሁ» ያላችሁ፣ ዛሬ ከእኛ ጋር ቆዩ።

[አጭር ሙዚቃ]

ኮምፒውተር ልንገዛ ስንወጣ አብዛኞቻችን ቀድመን የምንጠይቀው «ፕሮሰሰሩ ምንድን ነው?» ብለን ነው። ሻጩም የሚያሞግሰው እሱኑ ነው። የማስቀመጫው ነገር የሚነሳው መጨረሻ ላይ፣ ብሩ ካለቀ በኋላ ነው። እኔ ዛሬ የምለምናችሁ ይህን ቅደም ተከተል እንድትገለብጡት ነው። ኮምፒውተር ቢበላሽ ይጠገናል፤ ቢሰረቅም ሌላ ይገዛል። የሰው ሰርግ ግን ተመልሶ አይደገስም፤ የሕፃን ክርስትናም አይደገምም። ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶው የት እንደሚቀመጥ ወስኑ፤ ማሽኑን ከዚያ በኋላ ምረጡ።

ይህን ዐረፍተ ነገር ያዙልኝ፦ ከኮምፒውተሩ በፊት ማስቀመጫው።

በፊልም ዘመን ነገሩ ሌላ ነበር። ፊልሙ ከታጠበ በኋላ ኔጋቲቩ ፎቶ ቤቱ ይቀራል። የታተመው ፎቶ ቢቀደድ ከኔጋቲቩ ሌላ ይወጣል። በሀገራችን የፎቶግራፍ ታሪክ ስማቸው ቀድሞ ከሚነሳው መካከል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 የመጡት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ይገኙበታል። የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኑ፤ ሙያውንም ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ ወረሱት። ያ ሁሉ ምስል በእጅ በሚጨበጥ መስተዋት፣ ፊልምና ወረቀት ላይ ያረፈ ነበር።

የዛሬው ፎቶ ፋይል ነው። ዲስኩ ከተበላሸና ሌላ ቅጂ ከሌለ ከየትም አይታተምም። ፋይል ግን ኔጋቲቭ ያልነበረው አንድ ትልቅ በጎነት አለው። ኔጋቲቭ ሲገለበጥ ጥራቱ ይቀንሳል፤ ፋይል መቶ ጊዜ ቢገለበጥ መቶኛው ከመጀመሪያው አይለይም። ይህ በጎነት የሚጠቅመን ግን ስንጠቀምበት ብቻ ነው። ቅጂ ያላበዛ ሰው ከፊልሙም ዘመን የባሰ አደጋ ላይ ነው።

[አጭር ሙዚቃ]

አቅራቢ፦ እሺ፤ ስንት ማስቀመጫ ያስፈልገናል? ይህን ለማወቅ «ምን ዓይነት ሥራ ነው የምሠራው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ሦስት ሰዎችን በምሳሌ እንውሰድ።

የመጀመሪያዋ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ የምትሸጥ እህታችን ናት። በሳምንት ጥቂት ቀሚሶች ታነሳለች፤ ፎቶዎቹ በስልክ ወይም በትንሽ ካሜራ የተነሱ ጄፔግ ናቸው። አንዱ ፎቶ ከ10 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። ለእሷ 1 ቴራባይት ለዓመታት ይበቃታል።

ሁለተኛው ሰርግ የሚያነሳ ወንድማችን ነው። እሱ የሚያነሳው ራው በሚባለው ዓይነት ነው፤ ማለትም ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳይቀንስ እንዲያስቀምጥለት ነው። የ24 ሜጋፒክስል ካሜራ አንድ ራው ፎቶ 25 ሜጋባይት ገደማ ነው። በአንድ ሰርግ 2,000 ጊዜ ቢያነሳ 50 ጊጋባይት ሆነ። 20 ሰርግ ሲያነሳ 1 ቴራባይት ሞላ ማለት ነው። መልሱንና ቅልቅሉን ከጨመረ፣ ሁለተኛ ፎቶ አንሺም ካሰለፈ፣ ከዚያም በፊት ይሞላል። ለእሱ 4 ቴራባይት መነሻው ነው።

ሦስተኛዋ የእናት የአባቷን አልበም በስካነር ወደ ኮምፒውተር ማስገባት የምትፈልግ ልጅ ናት። የእሷ ፎቶ ብዛቱ ትንሽ ነው፤ የእያንዳንዱ ፋይል መጠን ግን ትልቅ ሊሆን ይችላል። የፖስታ ካርድ የሚያክለውን ፎቶ በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ማንሳት በዚያው መጠን ለማተም ይበቃል። ጉርድ ፎቶ ግን ትንሽ ስለሆነች 600 ወይም 1,200 ብታደርገው ኋላ ላይ አሳድጋ ለማተም ይመቻታል። ዋናውን በቲፍ፣ ለዘመድ የሚላከውን በጄፔግ ብታስቀምጥ መልካም ነው። ጄፔግ እየተስተካከለ ደጋግሞ ሴቭ በተደረገ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳልና።

እናንተ ከሦስቱ የትኛውን ትመስላላችሁ? የወሰናችሁትን ጻፉ። የምትገዙትን ማስቀመጫ የሚወስነው እሱ ነው።

[አጭር ሙዚቃ]

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ማስቀመጫው ዓይነት እንለፍ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 አይቢኤም የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን ሃርድ ዲስክ ለገበያ ሲያቀርብ ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ ነበር። ይይዝ የነበረው ወደ 5 ሚሊዮን ፊደላት ነው። ቅድም የጠቀስናትን አንዷን ራው ፎቶ እንኳ አይችላትም። ዛሬ በእጃችን የምንይዘው ዲስክ በሺህ የሚቆጠር ጊጋባይት ይይዛል።

ዛሬ ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንዱ የሚሽከረከር ሳህን ያለው ሃርድ ዲስክ ነው፤ ብዙ ይይዛል፣ ለያዘው መጠን ዋጋውም ይቀላል፣ ነገር ግን ቀርፋፋ ነው። ሌላው ኤስኤስዲ ነው፤ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፣ በጣም ፈጣን ነው፣ ለያዘው መጠን ግን ውድ ነው።

የትኛውን እንግዛ? ሁለቱንም፤ ሥራ ከፍለን። ዊንዶውስ፣ ፎቶሾፕና አሁን እየሠራችሁበት ያለው የዚህ ሳምንት ሰርግ ኤስኤስዲው ላይ ይሁን። ተሠርቶ ያለቀው ወደ ትልቁ ሃርድ ዲስክ ይሂድ። ቀርፋፋነቱ ለተጠናቀቀ ሥራ አያስቸግርም። ብዙ ሰው «አዲስ ኮምፒውተር ያስፈልገኛል» ብሎ የሚያስበው አሮጌው ስለዘገየበት ነው። ዊንዶውሱ በሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ፣ እሱን ወደ ኤስኤስዲ ማዛወር ብቻ ልዩነቱን በግልጽ ያሳየዋል።

እኛን ጉለሌዎችን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ሃርድ ዲስክ ውስጥ መረጃውን የሚያነበው ራስ በሚሽከረከረው ሳህን ላይ ሳይነካው፣ በስስ የአየር ንብርብር ላይ ተንሳፎ ነው የሚሄደው። አየሩ ሲሳሳ ራሱ ወደ ሳህኑ ይቀርባል። ለዚህ ነው አምራቾቹ አብዛኛውን ጊዜ «ከባሕር ወለል በላይ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ይሠራል» ብለው የሚጽፉት። የጉለሌ ሰፈሮች ከፍታ ቢኖራቸውም ከዚህ ወሰን በታች ናቸው። የእንጦጦ ጫፍ ግን ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ቤታችሁ ያለው ሃርድ ዲስክ አያስጋችሁ፤ እንጦጦ ላይ ሰርግ ስታነሱ እዚያው ላፕቶፕ ላይ መገልበጥ ካለባችሁ ግን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሳይሆን ኤስኤስዲ ያዙ። የሳሳ አየር ማሽንንም በደንብ አያቀዘቅዝም። የኮምፒውተራችሁን ማራገቢያ በአቧራ እንዳይታፈን ቶሎ ቶሎ አጽዱት፤ ኬዙንም ከግድግዳ አርቁት።

[አጭር ሙዚቃ]

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ዋናው ደረስን። ቅጂ። ስንት ቅጂ ይበቃል?

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ፒተር ክሮግ በዓለም ዙሪያ የታወቀ አንድ ደንብ አስፋፍቷል፤ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ይባላል። ፎቶው በሦስት ቅጂ ይኑር። ቅጂዎቹ በሁለት የተለያዩ ዓይነት ማስቀመጫዎች ላይ ይቀመጡ። አንዱ ቅጂ ከቤት ውጭ ይሁን። ደግሜ ልበል፦ ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ።

ሌላ ቦታ ለምን? ሌባ ከገባ ኮምፒውተሩን ወስዶ አጠገቡ ያለውን ኤክስተርናል አይተውም። እሳትም ሆነ የክረምት ጎርፍ ሁለቱን ለይቶ አያጠፋም። ስለዚህ ሁለተኛውን ኤክስተርናል እህታችሁ ቤት፣ ወይም የምታምኑት ጓደኛ ዘንድ አስቀምጡ። በወር አንዴ አምጥታችሁ አዲሱን ገልብጡበት፤ መልሱትም። የታተመ ሰርግ አልበምና የወረቀት ፎቶም ዋጋ አለው፤ ሁሉ ነገር ቢጠፋ ያ ይቀራል።

«ቴሌግራም ላይ ልኬ አስቀምጣለሁ» የምትሉ አላችሁ። ተጠንቀቁ። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ቴሌግራም መጠኑን ይቀንሰዋል፤ ስትመልሱት የመጀመሪያው አይደለም። እንደ ፋይል ከላካችሁት ሳይቀነስ ይሄዳል። ይህ ለጥቂት ምርጥ ፎቶዎች ጥሩ ተጨማሪ ቅጂ ነው፤ የአንድ ዓመት ሥራን ግን በሱ ብቻ አታኑሩ። ፍላሽም ለማጓጓዣ ነው። ለዓመታት ማስቀመጫ አታድርጉት።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ኤክስተርናሉን ሁልጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክታችሁ አትተዉት። ከማይታወቅ ቦታ በተወሰደ ክራክ ፕሮግራም የሚገቡ አንዳንድ ቫይረሶች ፋይሎችን ሁሉ ቆልፈው ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ የተሰካውን ዲስክም አብረው ይቆልፋሉ። የተነቀለ ዲስክ ጋ ግን አይደርሱም። ፎቶሾፕ መግዛት ለማትችሉም በክራክ ፋንታ በነፃ የሚገኙ ጂምፕና ዳርክቴብል የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ከአሁኑ እንጠንቀቅ።

[አጭር ሙዚቃ]

አቅራቢ፦ ማስቀመጫውን ከወሰንን በኋላ ወደ ማሽኑ እንምጣ። ሦስት ነገሮችን እንይ፦ ራም፣ ፕሮሰሰርና ኬዝ።

ራም ምንድን ነው? ሽሮ ሜዳ ወይም ቀጨኔ ሸማኔ ሲሠራ ያያችሁ ታውቃላችሁ። ሸማኔው ሲሠራ የሚፈልገው ማግ እጁ የሚደርስበት ቦታ ነው፤ የቀረው ክር ሳጥን ውስጥ ነው። እጁ የሚደርስበት ቦታ ከጠበበ በየጊዜው ተነስቶ ወደ ሳጥኑ ይሄዳል፤ ሥራው ይንጓተታል። ራም ማለት ለፕሮሰሰሩ እጁ የሚደርስበት ቦታ ነው። ዲስኩ ደግሞ ሳጥኑ ነው።

ፎቶሾፕን ከአንዳንድ ፎቶ ጋር ለመክፈት 8 ጊጋባይት ራም ያስኬዳል። ተደላድሎ ለመሥራት 16 ያስፈልጋል። ብዙ ሌየር ያለው የአልበም ገጽ የሚሠራ፣ ወይም ብዙ ፎቶ በአንድ ጊዜ የሚከፍት፣ 32 ቢያደርግ አይቆጨውም። ዛሬ 16 ገዝታችሁ ነገ ለመጨመር ካሰባችሁ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ባዶ የራም ቦታ መኖሩን ሻጩን ጠይቁት።

አሁን ፕሮሰሰር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። «አይ ሰቨን ነው» ሲባል ሁሉም አይ ሰቨን እኩል ይመስለዋል። ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ። የኢንቴል ኮር አይ 7 - 4770 የተባለው 4ኛ ጄኔሬሽን ነው፤ አራት ኮር አለው። የኮር አይ 5 - 8500 ደግሞ 8ኛ ጄኔሬሽን ነው፤ ስድስት ኮር አለው። በፎቶ ሥራ ይህ አዲሱ አይ ፋይቭ ያንን አሮጌ አይ ሰቨን ይበልጠዋል። ከመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች በፊት ያለው ቁጥር ጄኔሬሽኑን ይነግራችኋል፤ 10500 ከሆነ 10ኛ ነው ማለት ነው።

ለምን 8ኛ ጄኔሬሽን ላይ አተኮርኩ? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ያደርግ የነበረውን የተለመደ ነፃ ድጋፍ በአውሮፓውያን ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በአብዛኛው 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ያለውን ነው በይፋ የሚቀበለው። ያገለገለ ኮምፒውተር ስትገዙ ከ8ኛ በታች ከሆነ፣ ዋጋው ቢረክስም ዘመኑ እያለፈበት ያለ ማሽን እየገዛችሁ መሆኑን እወቁ።

ያገለገለ መግዛት ችግር የለውም፤ አቅምን ማወቅ ብልህነት ነው። ከቢሮ የወጡት የዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ የኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ የሌኖቮ ቲንክሴንተር ደስክቶፖች ጠንካሮች ናቸው። ግን ኬዙን ተመልከቱ። አንዳንዶቹ እንደ መጽሐፍ የሰለሉ፣ አንዳንዶቹም ከዚያ ያነሱ ናቸው። ቦታ ባይይዙ ደስ ይላል፤ ተጨማሪ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ለማስገባት ግን ጠባብ ናቸው። ለፎቶ ታወር የሚባለውን ትልቁን ኬዝ ምረጡ። የዛሬ ሁለት ዓመት ዲስክ ለመጨመር ስትፈልጉ ታመሰግኑታላችሁ።

ግራፊክስ ካርድስ? ከፎቶሾፕና ላይትሩም ከሚባለው የፎቶ ፕሮግራም አብዛኛው ሥራ ከፕሮሰሰሩ ጋር በሚመጣው ግራፊክስ ይሠራል። የአዳዲሶቹ የኤአይ መሣሪያዎች፣ ለምሳሌ በጨለማ የተነሳ ፎቶ ላይ ያለውን ቅንጣት ማጽጃው፣ ራሱን የቻለ ካርድ ሲኖር ይፈጥናሉ። ቪዲዮ የማትሠሩ ከሆነ እሱን ለመጨረሻ አቆዩት።

[አጭር ሙዚቃ]

አቅራቢ፦ አሁን ስለ ሞኒተር እናውራ። አደራችሁን፣ እዚህ ላይ አትሰስቱ። ለምን? ፎቶውን የምታስተካክሉት በምታዩት ነው። ሞኒተሩ ከዋሻችሁ እጃችሁም ይሳሳታል።

የሀገራችን ፎቶ ከባዱ ፈተና የቱ ነው? ነጭ ነጠላና ጠይም ፊት በአንድ ፎቶ ውስጥ መገናኘታቸው ነው። ካሜራው ነጩን ለማዳን ሲሞክር ፊቱ ይጨልማል። ፊቱን ሲያበራ ደግሞ የነጠላው ድርና ማግ ይጠፋና ነጭ ወረቀት ይመስላል። ራው ብላችሁ ያነሳችሁ እንደሆነ ኮምፒውተር ላይ ፊቱን ቀስ አድርጋችሁ ታነሳላችሁ፤ ነጩን ትቀንሳላችሁ። ይህን በትክክል ለመሥራት ግን ሞኒተሩ የጨለማውንም የብርሃኑንም ዝርዝር ማሳየት አለበት።

ለሽሮ ሜዳ ነጋዴዎች ደግሞ ቀለም ነው ጉዳዩ። የቀሚሱ ጥለት ወይን ጠጅ ሆኖ ሳለ ደንበኛዋ በቴሌግራም ያየችው ቀይ ከሆነ ቀሚሱን ትመልሳለች። ወይም ዳግመኛ አትመጣም። ልብሱ ምንም አልጎደለውም፤ ሞኒተሩ ነው ያሳሳተው።

ምን እንምረጥ? አይፒኤስ የሚባል ፓነል ያለውን። በርካሹ ቲኤን ፓነል ራሳችሁን ከፍና ዝቅ ባደረጋችሁ ቁጥር ቀለሙ ይለዋወጣል። ሻጩ ዘንድ ሆናችሁ ይህን ሞክሩ፦ አንድ የሰው ፊት ፎቶ ክፈቱና ከጎን፣ ከላይ፣ ከታች እዩት። ቀለሙ ከተገለበጠባችሁ ተዉት። «ኤስአርጂቢ የሚባለውን የቀለም ክልል መቶ በመቶ ወይም ለዚያ የቀረበ ይሸፍናል ወይ?» ብላችሁም ጠይቁ። 24 ኢንች፣ ፉል ኤችዲ ለጀማሪ ይበቃል።

ቤት ከገባ በኋላ ብርሃኑን ቀንሱ። ሞኒተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ አብዛኛውን ጊዜ ከሚገባው በላይ ያበራሉ። በደመቀ ሞኒተር ያስተካከላችሁት ፎቶ ሲታተም ጨልሞ የሚወጣው ለዚህ ነው። ነጭ ወረቀት ከሞኒተሩ አጠገብ ያዙ፤ ባዶ ነጭ ገጽ ክፈቱ። ሁለቱ ተቀራራቢ እስኪሆኑ ብርሃኑን ዝቅ አድርጉ። ሞኒተሩን መስኮት ፊት ለፊት ወይም ከኋላችሁ መስኮት ካለበት አታድርጉ፤ መስኮቱ ከጎን ይሁን። የምታሳትሙበት ላብራቶሪም አንድ ፎቶ አሳትሙና ከሞኒተሩ ጋር አነጻጽሩ።

[አጭር ሙዚቃ]

አቅራቢ፦ የኤሌክትሪክ ነገርስ? ሁላችንም የምናውቀው ጉዳይ ነው። መብራት ይሄዳል፤ ይመለሳል፤ ሲመለስም አንዳንዴ ኃይሉ ከፍ ብሎ ይመጣል። ፎቶ እየተገለበጠ ሳለ መብራት ቢሄድ የሚጎዳው የሚጻፈው ፋይል ብቻ አይደለም፤ የዲስኩ አጠቃላይ መዝገብ ሊዛባ ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት ዕቃዎችን አንደባልቅ። ስታቢላይዘር ኃይሉ ከፍና ዝቅ ሲል ያስተካክላል፤ መብራት ሲሄድ ግን ምንም አያደርግም። ዩፒኤስ በውስጡ ባትሪ አለው፤ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ ያቆያችኋል። ያ ጥቂት ደቂቃ ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ ኮምፒውተሩን በሥርዓት እንድትዘጉ ነው። «መብራት ቢሄድም በዩፒኤሱ ሥራዬን ልቀጥል» አትበሉ። ፕሪንተርም በዩፒኤሱ ላይ አትሰኩ፤ ኃይል ይበላል።

በክረምት፣ መብረቅ ሲበረታ፣ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ። ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ የኢንተርኔቱንም ገመድ ንቀሉ።

[አጭር ሙዚቃ]

አቅራቢ፦ አሁን ልትገዙ ወጣችሁ እንበል። ሱቁ ውስጥ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ምን ትጠይቃላችሁ?

አንደኛ፣ ኮምፒውተሩን አስነሱና ዊንዶውሱ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥርና የራሙን መጠን ራሳችሁ አንብቡ። ወረቀቱ ላይ የተለጠፈውን ብቻ አትመኑ።

ሁለተኛ፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤናው ምን እንደሚመስል ያሳያችኋል። «ጥንቃቄ» ወይም «መጥፎ» ካለ ዲስኩን አትቀበሉ። ጤናማ ቢሆንም እንኳ፣ ያገለገለ ዲስክ ላይ የማይተካ ፎቶ አታስቀምጡ። ማሽኑ ያገለገለ ይሁን፤ ዲስኩ ግን አዲስ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ኤክስተርናሉ ዩኤስቢ 3 መሆኑን፣ የኮምፒውተሩም መሰኪያ ያንኑ መሆኑን አረጋግጡ። 50 ጊጋባይቱ ሰርግ በዩኤስቢ 2 ለመገልበጥ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በዩኤስቢ 3 ከሩቡ ብዙም አያልፍም። ቶሎ የሚገለበጥ ቅጂ የሚሠራ ቅጂ ነው፤ የሚያሰለች ግን ነገ እየተባለ ይቀራል።

አራተኛ፣ ዋጋው ከገበያው በጣም ከረከሰ ተጠራጠሩ። 2 ቴራ ተብሎ ውስጡ በጣም ያነሰ ፍላሽና ዲስክ ይሸጣል። ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን እስከ ጫፍ ሞልቶ ያነበዋል፤ ውሸቱን ያወጣዋል። ስለዚህ ደረሰኝና ዋስትና ጠይቁ፤ ወደ ቤት እንደገባችሁም ሞክሩት።

በጀቱ ካልበቃስ? ከምን እንቀንስ? መጀመሪያ ግራፊክስ ካርዱን ተዉ። ቀጥሎ ፕሮሰሰሩን አንድ ደረጃ አውርዱ። ከዚያ ራሙን ከ32 ወደ 16 አድርጉ። ሁለተኛውን ኤክስተርናልና ዩፒኤሱን ግን አትንኩ።

[አጭር ሙዚቃ]

አቅራቢ፦ አንድ የመጨረሻ ነገር። ሥርዓት። የተቀመጠ ፎቶ ካልተገኘ እንዳልተቀመጠ ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ፎልደር ክፈቱ፤ ስሙም በዓመት ይጀምር፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን፣ ከዚያ የሥራው ዓይነት። እንዲህ ስታደርጉ ኮምፒውተሩ ራሱ በቅደም ተከተል ይደረድርላችኋል። ካሜራው ቀኑን የሚመዘግበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። እናንተ በእኛ አቆጣጠር ልትጽፉ ትችላላችሁ፤ የመረጣችሁትን ግን አትቀላቅሉ። አንዱን ሰርግ በጥር፣ ሌላውን በጃንዋሪ ብትጽፉ ኋላ ማንም አያገኘውም።

የሰርጉ ወቅት ጥርና ከፋሲካ በኋላ መሆኑን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ዲስክ የምትገዙት ታዲያ ከጥር በፊት ይሁን። ሥራው ሲደራረብ ቦታ ለማስለቀቅ ተብሎ የሚሰረዝ ፎቶ ነው ብዙ ጊዜ የሚያስለቅሰው። የካሜራውን ሚሞሪ ካርድም ፎቶው በሁለት ቦታ መገልበጡን በዓይናችሁ ሳታዩ ፎርማት አታድርጉ።

[ሙዚቃ ከሥር ይጀምራል]

እንግዲህ አድማጮቻችን፣ የዛሬውን በአጭሩ እናስታውስ። ከኮምፒውተሩ በፊት ማስቀመጫው። ለሥራ ኤስኤስዲ፣ ለማከማቻ ትልቅ ሃርድ ዲስክ። ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። ራም 16። ፕሮሰሰር ከ8ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ። ኬዝ ታወር። ሞኒተር አይፒኤስ። ኤሌክትሪኩ በዩፒኤስ።

የቤት ሥራም አለን። አዲስ ኮምፒውተር መግዛት አትችሉም እንበል። አንድ ነገር ግን በዚህ ሳምንት ማድረግ ትችላላችሁ። ከፎቶዎቻችሁ ሁሉ ቢጠፋ የማትተኩትን አንዱን ፎልደር ምረጡ፤ የእናታችሁን ፎቶ ይሁን፣ የደንበኛ ሰርግ ይሁን። ሁለተኛ ቦታ ገልብጡት። ከዚያ ከተገለበጠው ውስጥ ጥቂቱን ከፍታችሁ እዩ፤ የተገለበጠው በእርግጥ መከፈቱን አረጋግጡ። ያልተከፈተ ቅጂ ቅጂ አይባልም።

በሚቀጥለው ሳምንት የቤተሰብ አሮጌ ፎቶን በስልክና በስካነር እንዴት እንደምናነሳ፣ የደበዘዘውንም እንዴት እንደምናድስ እናያለን። ጥያቄያችሁን አዘጋጁልን፤ በአየር ላይ እንመልሳለን።

እስከዚያው ፎቷችሁን ጠብቁ፤ ጤናችሁንም ጠብቁ። ሰላም ሁኑ።

[መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ያበቃል]